አንድ ሙከራ የቀረው ስልክ

የአባቴ ስልክ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሁለተኛ እርከን ላይ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካበት ተቀምጧል። መስታወቱ ጥጉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ከዚያ በቀር ጤነኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ስነካው ይበራና ስድስት ባዶ ክቦች ያሳየኛል። ከክቦቹ ሥር በቀይ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። አንድ ሙከራ ብቻ እንደቀረኝ፣ እሱን ከሳትኩ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ትነግረኛለች። አነባትና ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ውስጡ የአባቴ ድምፅ አለ። ለእኔ ብሎ የቀዳው ነው። አንዱንም አልሰማሁትም።

ነቀምቴ ውስጥ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ነገሩን የሰማ ሁሉ መጨረሻ ላይ ቅንድቡን ሰቅሎ "አንቺ እኮ የኮምፒውተር አስተማሪ ነሽ!" ማለቱ አይቀርም። አዎ፣ ነኝ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻውም እሱ ነው። አስተማሪ ባልሆን ኖሮ የአባቴ ስልክ እንደ ጎረቤቶቹ ስልክ ክፍት ሆኖ በቀረ ነበር።

ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። በድርቁ ጊዜ በመኪና ተጭነው ወለጋ ሲወርዱ ስም እንኳ ባልወጣለት፣ በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነበር ያረፉት። እኔ ለትምህርት ስደርስ ወደ ሲሬ ጠጋ ብለው ከከተማዋ ዳር ቤት ሠሩ። አባቴ በቆሎና ማሽላ ያርስ ነበር፤ ከጓሮው ደግሞ ሁለት የማንጎ ዛፎች ነበሩት። ገበያ ላይ ኦሮምኛውን እንደ አገሬው ነው የሚያወራው። ቤት ሲገባ ግን የወሎ ሰው ነበር፤ ነገር ሁሉ በቀስታ፣ በወግ፣ በሰላምታ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አንዲት ቴፕ ነበረች። አባቴ ቁጥር መጻፍና ስሙን መፈረም በመሠረተ ትምህርት ቢማርም ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ ይቀዳል። ወሎ ለቀረው ወንድሙ በዓመት ሁለት ሦስት ካሴት ይልካል። የመቅጃ ቀን ሲሆን ሁላችንን ሰብስቦ በተራ ሰላምታ ያስብለናል። እኔ አፌን ቴፑ ላይ ለጥፌ "ደህና ነኝ፣ እየተማርኩ ነው" እልና እሮጣለሁ። ለወንድሙ ብቻ የሚለው ነገር ሲኖረው ግን ሁላችንንም ያስወጣናል፤ እናቴን ሳይቀር። "ይኼ የእሱ ጆሮ ነው" ይላል። ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አባቴ ደግሞ ወደ ቴፕ ሲናገር ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ቃል በቃል እየረገጠ ስለሆነ፣ መስማት ለፈለገ ሁሉም ነገር ይሰማል። እናቴ ግን ከግድግዳው ፈቀቅ ታደርገን ነበር። ሲጨርስ በሩን ከፍቶ "ግቡ" ይለናል።

ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ወሎ ለሚሄድ ሰው ይሰጣል። ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ከፍቶ ሊሰማው ይችላል። ማንም አይሰማውም፤ አደራ ነዋ። የቤታችን የደህንነት ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ሳውቀው አንድ ቀን እንኳ ተሰብሮ አያውቅም።

እኔ የሎክ ሰው የሆንኩት ነቀምቴ መናኸሪያ ውስጥ ስልኬ የተሰረቀ ቀን ነው። ስልኬ ሎክ አልነበረውም። አስተምረዋለሁ እንጂ እኔ ራሴ አልሠራበትም ነበር፤ ሲጋራ እንደሚያጨስ ሐኪም ማለት ነው። ሌባው "አባባ" የሚለውን ስም አግኝቶ ደወለለትና "ልጅዎ አደጋ ደርሶባት ሆስፒታል ተኝታለች" አለው። ምናልባት ገንዘብ ሊጠይቅ ፈልጎ ይሆናል። አባቴ ግን ቀጣዩን አልሰማም፤ ስልኩን ዘግቶ መንገድ ላይ ወጣና ያገኘው አይሱዙ ላይ ተሰቀለ። ነቀምቴ ሆስፒታል ገብቶ ከአልጋ አልጋ እየዞረ፣ የሰው አንሶላ እየገለጠ ፈለገኝ። በመጨረሻ ጠይቆ ጠይቆ የተከራየሁበት ቤት ሲደርስ እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አየኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላውን የት እንደጣለው እስከ መጨረሻው አላወቀም።

ያን ቀን ፊቱን ያየ ሰው ሎክ አይጠላም። ዛሬም የስልክ ኩባንያዎቹን ስረግም ያ ፊት ይመጣብኝና አንደበቴን ያስረዋል።

በወሩ ለእኔም ለእሱም አዲስ ስልክ ገዝቼ ሲሬ ወረድኩ። የድሮዋን ትንሽ ስልኩን፣ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠይቅ አንስቶ የሚደውልባትን፣ ተቀበልኩት። ሚሞሪ ካርዷን አውጥቼ "ቫይረስ ነው የምታመጣብህ" ብዬ ጣልኳት። አዲሱን ስልክ ማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አስተካከልኩለት።

"ሎኩ ይቅርብኝ" አለኝ። "እኔ የቤቴንም በር በሽቦ ነው የማስር።"

"አባባ፣ ሆስፒታል የሄድክበትን ቀን ረሳኸው?"

እንዲህ ነው ያሸነፍኩት፤ በራሱ ድንጋጤ።

በጣት አሻራ እንዲከፍተው ሞክሬ ነበር። ስልኩ ጣቱን አልቀበል አለ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ቀኝ፣ ግራ፤ "ጣትዎን በደንብ ያሳርፉ" እያለ ይመልሰዋል። ዕድሜ ልኩን እርፍ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ላይ ስልኩ የሚያነበው መስመር አልቀረም። ያን ስልክ የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለ እጅ አይተው አያውቁም መሰለኝ። ስለዚህ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያ ዝርዝሩን ቁልቁል ስወርድ አንዲት ምርጫ አገኘሁ፤ ቁጥሩ አሥራ አምስት ጊዜ ከተሳተ ስልኩ ራሱን ባዶ እንዲያደርግ የምታዝ። ኩባንያው ይህችን አልመረጠልኝም። ባዶ ሳጥን ነበረች። ምልክት ያደረግሁባት እኔ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ማንጎ እየላጠልኝ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ስልኩ የማን እንደሆነ ትዝ ያለኝም አይመስለኝም።

ቀጥዬ ተማሪዎቼን የማስተምረውን ትምህርት ሰጠሁት። "ይኼ እኔ የሰጠሁህ ቁጥር ለመነሻ ነው። ነገ ራስህ ቀይረው። የቀየርከውን ለማንም አትንገር፤ ወረቀት ላይም አትጻፍ።"

"ለእናትሽስ?"

"ለእሷም።"

"ላንቺስ?"

"ለእኔም። እኔ ነኝ ብሎ የሚደውል ሌባ ቢመጣስ?"

የላጠውን ማንጎ እጄ ላይ አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ነቀምቴ ደወለልኝ። "ቀየርኩት" አለ። "ጎሽ!" አልኩት። "አልነግርሽም" አለና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች የግማሾቹ ፓስወርድ የራሳቸው ስም ነው፤ የቀሩት ደግሞ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ጽፈውታል። በማስተማር ዘመኔ ቃሌን በትክክል የፈጸመ ተማሪ ቢኖር አባቴ ነው።

ከዚያ ኔትወርክ የጠፋባቸው ወራት መጡ። ወለጋ የኖረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ላልኖረ ማስረዳት ይከብደኛል። ስልክ አለሽ፣ አይደውልም። ሲሬ ከነቀምቴ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት፤ መንገዱም እየተዘጋ እየተከፈተ፣ በኋላ እየተዘጋ ብቻ ሆነ። ከምኖርበት ሰፈር ከበከኒሳ ቀሴ ወደ ትምህርት ቤት በባጃጅ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ዓለሜ ያቺ ብቻ ሆነች። ቅጥሩ የሰፋ እስር ቤት ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ሳይታሰብ፣ ለአፍታ ኔትወርክ መጣ። አባቴ ቀድሞ ደወለ።

"ልጄ፣ እየቀዳሁልሽ ነው" አለኝ።

"ምኑን?"

"ወሬውን ነዋ! ስልኩ ውስጥ መቅጃ አለ አይደል፤ የሰፈር ልጆች አሳዩኝ። መደወል ሲያቅተኝ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አወራሻለሁ። እንደ ካሴቱ።" ሳል አቋረጠው። "ብዙ ሆነልሽ። ስልኩን በሰው ልላክልሽ? የበቆሎ መኪና ሹፌሩን አልፎ አልፎ ብቻውን ያሳልፉታል፤ ደግ ሰው ነው፤ አደራ ብለው ያደርስልኛል።"

"እንዴ አባባ! ስልክ በሰው አይላክም። እኔ እመጣለሁ።"

"መቼ?"

"መንገዱ ሲከፈት።"

"እሺ" አለ። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው፤ ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። ሳሉን ሰምቻለሁ። አልጠየቅሁትም፤ ስለ ስልኩ አደጋ ሳስረዳው ጊዜው አለቀብኝ።

መሞቱን የነገረኝ ያው ሹፌር ነው፣ ከተቀበረ ከአራት ቀን በኋላ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና ኮፍያውን አወለቀ። ሌላውን መናገር አልችልም። በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ አባቴን አልቀበርኩትም፤ ይህንን ያህል ብቻ ልናገር።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። እናቴ ስልኩን ከሳጥን አወጣችው። እንደ ካሴት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላዋለች።

"ያንቺ አደራ ነው" አለችኝ። "ታሞም ሲያወራሽ ነበር። ሲብስበትም። ውሰጂና ስሚው። ለአርባው ሰደቃ ስትመጪ ደግሞ ለእኛም የሚሆነውን ታሰሚናለሽ፤ የሱ ድምፅ ናፍቆኛል።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "አብሽሪ፤ ሸጋ ሸጋውን ነው ያወራው።"

ባትሪው ሞቶ ነበር፤ ሲሬም መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። እንደተጠቀለለ ይዤው ነቀምቴ ገባሁና ሰካሁት። ሲበራ ስድስቱ ባዶ ክቦች መጡ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ እኔ የሰጠሁትን ቁጥር ሞከርኩ፤ እንደቀየረው እያወቅሁ። ተሳሳተ። የእኔን የልደት ቀን ሞከርኩ፤ በእኛ አቆጣጠር፣ ቀጥሎ በፈረንጆቹ። የራሱን የልደት ቀን አያውቀውም፤ እሱ ቀረልኝ። ከወሎ የወጡበትን ዓመትና ወር። የሰፈራ መንደሩን ቁጥር ከቤት ቁጥራችን ጋር። እህል ይታደልበት በነበረው የራሽን ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር፤ አባቴ ያን ካርድ እስኪሞት ድረስ ከቁርአኑ ጋር ነው ያስቀመጠው። ስልኩ እያንዳንዱን ስህተት በቅጣት ይመልስልኛል፤ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ አምስት ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ኋላ ኋላ ሙሉ ቀን። ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፤ ልቤ ግን ስልኩ የሚፈቅድልኝን ሰዓት ይቆጥራል። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ቀይዋ መስመር ብቅ አለች፤ ዘጠኝ ይቀርሻል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠፋል። ማን እንዳዘዘው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም።

በዚህ መሀል እናቴ በጎረቤት ስልክ ትደውላለች፤ ኔትወርክ ተመልሶ ነበር።

"ሰማሽው?"

"ገና ነው እማ። አልቻልኩም፤ ያስለቅሰኛል።"

"አብሽሪ። ቀስ ብለሽ።"

ለምን ዋሸሁ? አፈርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ እምቢ ሲለው ለእኔ ነው የሚያመጣው። እናቴ ለሰው ሁሉ "የኔ ልጅ ኮምፒውተርን እንደ በግ ነው የምትነዳው" ትላለች። አሁን "የአባቴን ድምፅ ቆልፌ ቁልፉን አጣሁት" ልበላት? በዋሸሁ ቁጥር እውነቱ ይበልጥ እየከበደኝ ሄደ።

ለኩባንያው ጻፍኩ። የማሽን መልስ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ የማሽን መልስ፣ በሦስተኛው ሰው የሚመስል ነገር። ስለ ሐዘኔ እንደሚያዝኑ፣ ቁጥሩን እነሱም እንደማያውቁት፣ እንዳያውቁትም ሆኖ እንደተሠራ፣ ይህም የደንበኛውን ደህንነት ለመጠበቅ እንደሆነ ነገሩኝ። የግዢ ደረሰኝ ካለኝ ግን ስልኩን ባዶ አድርጌ እንደ አዲስ እንድጠቀምበት ሊረዱኝ ይችላሉ። ደንበኛው ሞቷል አልኳቸው። ከማን ነው የምትጠብቁት? ከልጁ? መልሱ ያው ነበር። ከታች "የዛሬው አገልግሎታችን እንዴት ነበር?" የሚል ጥያቄና አምስት ኮከቦች አሉት። አምስቱንም ሰጠኋቸው። በዚያ ሳምንት ተጭኜው በትክክል የተቀበለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ስልክ የሚጠግን የቀድሞ ተማሪዬ አለ፤ ዛሬ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። እያፈርኩ ገባሁ።

"ቲቸር! አካም ጅርቱ?" ብሎ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ስልኩን አገላብጦ አየው፤ ገመድ ሰካበት፤ ነቀለው። "ህን በነሙ" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "አይከፈትም ቲቸር። ልክፈተው ካሉኝ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ግን ባዶውን ነው የምሰጥዎት። ድምፁ ይሄዳል።"

"ሌላ መንገድ የለም? እናንተ የምታውቁት በአቋራጭ?"

"በድሮዎቹ ስልኮች ነበረ። በዚህ የለም።" ትንሽ አመነታ። "እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን? ለባለቤቱ አቋራጭ ካለው ለሌባም አለው ብለውን ነበር። ለፈተናም አምጥተውታል።"

"አስታውሳለሁ" አልኩት።

"መልሱን አግኝቼዋለሁ ያኔ" አለ፤ ፈገግ ሊል ብሎ ፊቴን አየና ተወው። "ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ ቲቸር። እግዜር ያጽናዎት።" የሥራውን ዋጋ አልቀበልም አለ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ስልኩን የገዛሁት እኔ፣ ቆልፍ ያልኩት እኔ፣ ክፈት ስል ግን የማይሰማኝ ምን ዓይነት ንብረት ነው? ባለቤትነት እንዲህ ነው እንዴ? ደግሞ እመለስና፣ ኩባንያው ዘንድ ዋና ቁልፍ ቢኖር ኖሮ ያ የመናኸሪያ ሌባ እዚያ የሚሠራ ዘመድ አያጣም እላለሁ። ጥፋቱ የኩባንያው ነው እንዳልል ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። የእኔ ነው እንዳልል፣ ስለሚሞት ሰው አንድ ቃል የሌለበትን ነገር ሠርተው የሰጡኝ እነሱ ናቸው። የስልኩ አምራች ለእኔ ያደረገውን እኔ ለአባቴ አደረግሁ፤ "ላንተው ብዬ ነው" ብዬ። እሱ ብቻ ነው ምንም ሳይመርጥ የታዘዘው።

ክፍል ውስጥም ስለ ፓስወርድ የማስተምርበት ሳምንት ደረሰ። ሰሌዳው ላይ "ለማንም አትንገሩ" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ተማሪዎቹ ይጠብቃሉ። ጠመኔውን አስቀምጬ ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ።

አርባው ሲቃረብ ሁለት ሙከራ ቀርቶኝ ነበር። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን አንዱን በእናቴ የልደት ዓመትና ወር አቃጠልኩት። ስልኩን በዚያው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ሲሬ እስክደርስ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር፤ ሕፃን እንደያዘች ሴት።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። አብረውን ከወሎ የመጡት ሽማግሌዎች፣ የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን፣ ያ ሹፌር ሳይቀር መጥቷል። ዱዓው ተደረገ፣ ተበላ። እናቴ ለሁሉም አስቀድማ ነግራቸዋለች። የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "በይ እንግዲህ ልጄ፣ ድምፁን አሰሚን" አሉኝ። ሰው ሁሉ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ያያል።

"አንድ ጊዜ" አልኩና የእናቴን እጅ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ማንጎው ሥር ስንደርስ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"እማ፣ አልሰማሁትም። ዋሽቼሻለሁ። ስልኩ አይከፈትም፤ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶኛል፤ ከተሳሳትኩ ድምፁ ይጠፋል። ለአንቺ ነግሮሽ ከሆነ ንገሪኝ። በአላህ ንገሪኝ።"

ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ የገረማት ነው የምትመስለው።

"ምን ማለትሽ ነው አላውቀውም? ነግሮሻል እኮ።"

"አልነገረኝም እማ። ለእኔም እንዳይነግር ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ኧረ ነግሮሻል! እዚሁ ነበርኩ እኮ።" እጄን ለቀቀችና ወደ ቤቱ ግድግዳ አመለከተች። "ሕመሙ የጠናበት ሰሞን ነው። 'ልጄ ይህን ስልክ በምን ትከፍተዋለች?' እያለ ሲጨነቅ ዋለ። 'ለኔ ንገረኝና ልንገራት' አልኩት። 'አይሆንም፣ ማንም እንዳይሰማ ብላኛለች፤ የሷ ጆሮ ነው' አለኝ። ደግፌ አስቀመጥኩት። ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ 'አንቺ ውጪ' አለኝ። ወጣሁ።"

"ቀዳው?"

"ቀዳልሽ! ቃሉን እየረገጠ ስለሚናገር እዚህ ድረስ ይሰማል። ሲጨርስ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ 'ግቢ' አለኝ፤ ላብ አጥምቆታል። 'አንድ በአንድ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩላት፤ አሁን አረፍኩ' አለ። ይኸው እዚያው ውስጥ ነው ያለው፤ ስትሰሚው ታገኚዋለሽ።"

"እማ" አልኩ። "ታዲያ አንቺ አልሰማሽውም? ከስድስቱ አንዱን እንኳ? የመጀመሪያውን ብቻ?"

"እንዴት እሰማለሁ?" አለችኝ፣ አደራ እንደበላች የጠረጠርኳት መስሏት ተከፍታ። "እዚህ ነበር የቆምኩት። እንዲህ አድርጌ።"

ሁለቱንም መዳፎቿን አነሳችና ጆሮዎቿን ድፍን አድርጋ ይዛ አሳየችኝ።